ጠዋት ጠዋት የሚያብደው የሳር ማጨጃ

ያን ሰውዬ አልወደውም ነበር። አሁንም እወደዋለሁ ብዬ አልዋሽም። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ነበር፤ ዕድሜው ለአባቴ ታናሽ ወንድም የሚሆን፣ ሰቆጣ ዙሪያ ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ከሚርቅ ጎጥ የመጣ፣ አማርኛው ላይ የአገው ቋንቋው ኽምጣኛ የሚጫነው፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው። ሌላው ሠራተኛ «እርስዎ» ሲለው እኔ «አንተ» እለው ነበር። እልህ ይዞኝ እንጂ አስተዳደጌ እንዲህ አይደለም። አባቴ ቄስ ነው፤ ለሽማግሌ ሳልነሣ ብቀር በመቋሚያው የሚያነሣኝ ሰው ነበር።

ጠባችን የተጀመረው በሳር ነው። እኔ ጠቅላላ አገልግሎት ነኝ፤ የወለቀ በር፣ የሚያፈስ ቧንቧ፣ አልነሣ ያለ ጄኔሬተር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። የግቢው ሳር ግን የዘበኛው ነበር። ክረምቱ ሲወጣ በማጭድ ያጭደዋል፣ አስሮ አጥሩ ሥር ይከምረዋል፣ ሲደርቅ በአህያ ጭኖ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። በደብዳቤ የተሰጠው መብት አልነበረም፤ ከእሱ በፊት የነበረው ዘበኛም እንዲሁ ያደርግ ስለነበር የሚጠይቀው አልነበረም። አንዲት የምትታለብ ላም ነበረችው፤ በጋውን የምትሻገረው በዚያ ሳር ነው። ዋግ ውስጥ ደረቅ ሳር ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። እኔም አውቅ ነበር።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ግን አያውቅም። ከትልቅ ከተማ ነው የመጣው፤ ጉልበት የሚደርስ ሳር ሲያይ እባብ ይታየዋል። ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን ከሚያከፋፍል ከአንድ ፕሮጀክት አሮጌ የሳር ማጨጃ ማሽን ለምኖ አስመጣ። አራት ትንንሽ ጎማ፣ ከላይ የቤንዚን ሞተር፣ ከሥር የሚሽከረከር ስለት፣ ከኋላ መግፊያ እጀታ። ማሽኑ በእኔ ስም ወጪ ሆነ። ኮራሁበት። ጠረግሁት፣ ዘይቱን ቀየርኩለት፣ የሚንጫጨውን ቀባሁለት፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ግቢው መሃል አውጥቼ ገመዱን ሳብኩ። ሁለተኛ ስስበው ተነሣ።

ሠራተኛው ሥራውን ጥሎ ወጥቶ ያየኝ ጀመር። ዘበኛውም መጣ። ማሽኑ ያለፈበትን ተከትሎ ጎንበስ አለና አንድ እፍኝ ሳር አነሣ። ሳሩ እንደ ጎመን ተከትፏል፤ ሊታሰር ቀርቶ ሊጨበጥም አይመች። አሸተተው። ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር።

«ላም ይኼን አይበላም» አለኝ።

«እንግዲያው ላምህን ሌላ ቦታ አብላት» አልኩት።

በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናግሮ ወደ በሩ ተመለሰ። ሰቆጣ ተወልጄ አድጌ ኽምጣኛ አልሰማም፤ ምርቃት እንዳልነበረ ግን ገብቶኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ሲከፍትልኝ ፊቱን አዙሮ ነው። እኔም ሳልፍ ጉሮሮዬን ጠርጌ ነው የማልፈው። ሁለት ሰዎች አንድ ግቢ ውስጥ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሳይተያዩ መዋል እንደሚችሉ ያን ጊዜ ተማርኩ።

መስከረም በደህና አለቀ። ጥቅምት ገብቶ ውርጩ ሲጀምር ማሽኑ አበደ።

እንዲህ ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር ፍጥነቱን የሚጠብቀው ራሱ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ክብደት አለ፤ ሞተሩ ሲፈጥን ክብደቱ ይከፈትና አንዲት የብረት ክንድ ይገፋል፣ ክንዷ ደግሞ የነዳጁን መግቢያ ታጠባለች። ሞተሩ ሲደክም ክንዷ ላይ የታሰረ ሞላ መልሶ ይስብና ያሰፋዋል። መካኒኮች ጋቨርነር ይሉታል፤ ወፍጮ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጋቨርነሩ የማይሠራ ሞተር ልጓም የሌለው በቅሎ ነው። የእኔው ማሽን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገመዱን ስስብ እንደተነሣ ይጮሃል፤ ቀስ በል ብዬ ማንሻውን ወደ ታች ባደርገው አይሰማም፤ እጀታው እጄ ውስጥ ይንዘፈዘፋል። ደንግጬ አጠፋዋለሁ። ከምሳ በኋላ ሳስነሣው ደግሞ የነዱት ቦታ ሁሉ ይሄዳል፣ ድምፁም አይለዋወጥ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እኔ ከጫፉ ጀመርኩ። መጀመሪያ ካንዴላውን አውጥቼ ጠረግሁ፤ ሞተር ያስቸገረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው፤ ለምን እንደሚያደርገው የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ቀጥዬ ነዳጁን ጠረጠርኩ። ሰቆጣ ውስጥ ቤንዚን በጄሪካን ሲዘዋወር ውሃም ነጭ ጋዝም ጠጥቶ ነው የሚደርሰው። ደፍቼ በንጹሕ ጨርቅ ያጣራሁትን ሞላሁበት። ከምሳ በኋላ ሞከርኩት፤ ደህና ሆነ። በነጋታው ጠዋት እንደገና አበደ።

ካርቡራተሩን አወረድኩ። ቀዳዳዎቹን ከብሩሽ በነቀልኩት ጭራ አንድ በአንድ ወጋሁ፣ ተነፈስኩባቸው። ካርቡራተሩ ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት ወረቀት ተቀዶ አየር ያስገባ ይሆናል ብዬ ከካርቶን አዲስ ቆርጬ አስገባሁ፤ የሳሙና ውሃ ዙሪያውን ቀብቼ አየር እንደማይስብ አየሁ። ከምሳ በኋላ ሞከርኩት፤ ደህና። በነጋታው ጠዋት አበደ። ሞላው ረግቦ ነው አልኩና ከጫፉ አንድ ጥምዝ ቆረጥኩለት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ ሞላው ጭራሽ ጠነከረና ሞተሩ ከሰዓትም የሚሮጥ ሆነ። ሌላ ሞላ ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ፍሬን አግኝቼ እስክገጥም አራት ቀን ሄደ። ገጠምኩት፤ ከምሳ በኋላ ደህና ሆነ። በነጋታው ጠዋት ያው ጩኸት።

ጠዋት ጠዋት ቢሮው ሥራ ይበዛዋል፤ አንዱ ቁልፍ ጠፋኝ ይላል፣ አንዱ ጠረጴዛዬ ይነቃነቃል ይላል። ስለዚህ መፍቻ የምይዘው ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ነበር። ይህን ልብ አላልኩትም። ልብ ያልኩት ሌላ ነገር ነው። ማሽኑን ከሰዓት አስተካክዬ መጋዘን አስገባለሁ፣ ሲነጋ ተበላሽቶ አገኘዋለሁ። የመጋዘኑ ቁልፍ የሚያድረው በግቢው በር ባለው የጥበቃ ክፍል ምስማር ላይ ነው፤ እዚያ የሚያድረው ደግሞ ዘበኛው ነው። ሒሳቡ ቀላል መሰለኝ።

አንድ ጠዋት ገመዱን እየሳብኩ ሳላብ ሰውዬው ጋቢውን እንደተከናነበ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ከሳሩ ጠብ ወዲህ ራሱ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነበር።

«ይኼ ነገር ብርድ አትወድም» አለኝ። «ፀሐይ ላይ አቁማት። ከዚያ ንዳው።»

ሁለት የሒሳብ ክፍል ሰዎች በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ሰው ካየኝ ደግሞ ምላሴ ይረዝማል። «መጀመሪያ ወንድ ትሁን ሴት ወስንና ከዚያ ታስተምረኛለህ» አልኩት። በረንዳው ላይ ያሉት ሳቁ። እሱ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም፤ ማሽኑን አየና ሄደ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልነገረኝም። ነገር ግን ሁለት ጠዋት ቀድሜ ስገባ ከመጋዘኑ ደጃፍ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። «ምን ትሠራለህ?» ስለው «አያለሁ» ይላል። እጅ ከፍንጅ ያዝኩት ብዬ ለራሴ ደመደምኩ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ከክልል እንግዶች ይመጣሉ ተባለና ሥራ አስኪያጁ ግቢው በጠዋት እንዲታጨድ አዘዘኝ። ማሽኑ ጠዋት እንደሚያስቸግር አልነገርኩትም። አልቻለም እንዳይለኝ ፈራሁ። ሳስነሣው እንደልማዱ ጮኸ። ማጥፋት ነበረብኝ። በረንዳው ላይ ሰው ስለነበረ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ እየጮኸ ገፋሁት። ስለቱ ሳሩ ውስጥ የነበረ ድንጋይ አገኘ። ድንጋዩ በጎን ወጥቶ የሥራ አስኪያጁን መስኮት በረቀሰውና ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ሥራ አስኪያጁ ለእንግዶቹ ሰላምታ ሊሰጥ ከወንበሩ የተነሣው ከአፍታ በፊት ነበር። ቁጭ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ታሪክ ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንን አስጠራን። ፊቱ ገና አልተመለሰም። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ መልሴን ከሁለት ሳምንት በፊት አዘጋጅቼዋለሁ።

«ከሰዓት አስተካክዬ አስገባለሁ፣ ጠዋት ተበላሽቶ አገኘዋለሁ» አልኩ። «በመሃል ቁልፉ ያለው እሱ ዘንድ ነው። ሳሩ ስለቀረበት ቂም ይዟል። ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ሁለቴ አግኝቼዋለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባት፣ ምን ይላሉ?»

«አልነካሁ» አለ። «አይቻለሁ። አልነካሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ግራ ገባው። ማስረጃ የለም፤ ምስክርም የለም። እዚያ ላይ ነገሩ ሊበርድ ይችል ነበር። ሽማግሌው ወጥቶ በሩ ላይ ይቆማል፣ እኔ እየተበሳጨሁ ማሽኔን እፈታለሁ፣ ክረምት ይመጣል። ያላበረድኩት እኔ ነኝ።

«ይማል» አልኩ። «ታቦት ጠርቶ ይማል። ከማለ እኔ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። ከሳሩ ጠብ ወዲህ ፊት ለፊት ዓይኔን ሲያየኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

«ለሳር ማጨጃ ታቦት አልጠራም» አለ።

«ንጹሕ ሰው መሐላ አይፈራም» አልኩ።

ይህ ውሸት ነው። ውሸት መሆኑንም ስናገረው አውቅ ነበር። አባቴ ሰው ሊያስታርቅ ሲቀመጥ «እውነትም ቢሆን አትማሉ» የሚል ቄስ ነው። በእኛ አገር መሐላ የሚፈራው ሌባ ብቻ አይደለም፤ ሌባማ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይምላል። የታቦት ስም በየምክንያቱ ላለማንሣት ሲል መሬቱን ለባለጋራው ለቆ የወጣ ሰው አውቃለሁ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ሥራ አስኪያጁ ግን የሚያውቀው በከተማ እንደሚታወቀው ነው፤ አልምልም ያለ ሰው አንድ የሚደብቀው ነገር አለው። ፊቱ ላይ ሲወስን አየሁት። አፌን ከፍቼ እንዲህ አይደለም ልለው እችል ነበር። አላልኩም።

የዘበኛው ሥራ በየዓመቱ በሚታደስ ውል ነበር። ወሩ ሲያልቅ ውሉ ሳይታደስ ቀረ። የመጋዘኑን ቁልፍ ለእኔ አስረከበኝ፣ ጋቢውንና ዱላውን ይዞ ወጣ። ደህና ሁን አላለኝም። ደስ አለኝ። ሌላ ነገር ተሰማኝ ብዬ ላሳምረው አልፈልግም፤ ደስ ነው ያለኝ።

አዲስ ዘበኛ መጣ። ቁልፉን ለእሱ አልሰጠሁትም፤ ኪሴ ውስጥ ነው የሚያድረው። ሳሩ ማደጉን ስላቆመ ማሽኑ ኅዳር ግማሽ ድረስ መጋዘን ተኛ። አንድ ቅዳሜ ቢሮው ዝግ ሳለ ለመጨረሻ ጊዜ ግቢውን ላስተካክል ብዬ በጠዋት አወጣሁትና ገመዱን ሳብኩ። ጮኸ። እንደዚያው እንደ ጥቅምቱ ጮኸ።

አጠፋሁትና አጠገቡ ቆምኩ። ማንም አልነካውም። ከእኔ በቀር ሊነካው የሚችል ሰው አልነበረም።

ያን ቀን ቢሮም የለ፣ የሚጠራኝም የለ። እንደበረደው እዚያው ሳሩ ላይ ፈታሁት። ሽፋኑን አንሥቼ የጋቨርነሩን ክንድ በጣቴ ገፋሁ። ክንዷ ከባድ ነገር ውስጥ እንደምትሄድ እየተጎተተች ሄደች፤ ስለቃት እዚያው ባስቀመጥኳት ቀረች፣ አልተመለሰችም። መገጣጠሚያዋን በጥፍሬ ጫርኩት። ነጣ ያለ፣ የሳር ብናኝ የተለወሰበት፣ እንደ ሻማ የጠጠረ ነገር ጥፍሬ ሥር ገባ። አሸተትኩት። የበግ ሞራ ነው።

ማን እንደቀባው ለማወቅ አውጫጭኝ አላስፈለገኝም። እንቁጣጣሽ ባለፈ ሰሞን ማሽኑን ሳጸዳ ዘንጎቹ ይንጫጩ ነበር፤ የማሽን ቅባቱን ግራሶ ፈልጌ አጣሁ፤ ቤቴ ሄጄ ከዓመት በዓሉ በግ የተረፈውን ሞራ አመጣሁና በጣቴ እየጠቀጠቅሁ ቀባሁት። አባቴ ቅዳሴ በሌለበት ቀን ገበሬ ነው፤ የቀንበሩን ጠፍር በሞራ ሲያለሰልስ እያየሁ ነው ያደግሁት። ለጠፍር የበጀ ለብረት አይበጅም ብዬ እንዴት ላስብ። በጠዋቱ ውርጭ ሞራው ይረጋል፣ ክንዷን ቀፍድዶ ይይዛታል፣ ሞተሩ ልጓም ያጣል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ይላላል፣ ሁሉም ደህና ይሆናል። እኔ ደግሞ አንድም ቀን በጠዋት ፈትቼው አላውቅም። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ያየው ይህን ነው። ዕድሜ ልኩን በሞራ ጠፍር ሲያሽ የኖረ ገበሬ ነው፤ ሞራ በውርጭ ምን እንደሚሆን ለእሱ አይነገርም። ነግሮኛል። ሰው ፊት አላግጬበታለሁ።

በነጭ ጋዝ አጠብኩት፣ በጨርቅ ጠረግሁት፣ ጠብታ የሞተር ዘይት ጣል አደረግሁበት። ክንዷን ገፍቼ ስለቃት ተስፈንጥራ ተመለሰች። ሞተሩን አስነሣሁት፤ በዚያ ብርድ አንድ ዓይነት ድምፅ ይዞ ቀጠለ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ የሞተር ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ እንደዚያም የጠላሁት የለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ኪሎ ስኳር ገዝቼ ወደ ጎጡ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ቁልቁለትና ዳገት ነው። ደጃፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አየኝ፤ አልተነሣም። በእኛ አገር ደመኛም ቢሆን ከሩቅ መጥቶ ደጅ ከቆመ ግባ፣ ውሃ ጠጣ ይባላል። እሱ አላለኝም።

«እንዴት ዋሉ?» አልኩት። «እርስዎ» ብዬ ሳናግረው የመጀመሪያዬ ነበር።

«እግዜር ይመስገን።»

ቆሜ ነገርኩት። ሞራውን፣ ውርጩን፣ ከምሳ በኋላ ብቻ መፍታቴን፣ ሁሉንም። «የቀባሁት እኔው ነኝ» አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ።»

እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ «ለአለቃው ነገርከው?» አለኝ።

«ገና ነኝ። መጀመሪያ ለእርስዎ ልንገር ብዬ ነው።»

«እኔ እንዳልነካሁ እኔ አላውቅም?» አለ። ድምፁን አላነሣም። «ይኼን ሁሉ መንገድ የመጣኸው የማውቀውን ልትነግረኝ ነው? ለማያውቀው ንገር። ከዚያ ና፤ ይቅርታውን ያኔ እናያለን።»

ስኳሩን ድንጋዩ ላይ ላስቀምጥ ስል በእጁ መለሰው። ግቢው ጥግ የላም ማሰሪያ ችካል ነበር፤ ላሚቱ አልነበረችም። ለግጦሽ ወጥታ ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅሁትም። መልሱን ለመስማት አልፈለግሁም።

ስመለስ ሙሉውን ዳገት እየተቆጣሁ ነው የወጣሁት። ሽማግሌ ይቅርታ ሲጠየቅ ይቅር ይላል እንጂ እንደ ዳኛ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል? እግሬ እስኪላጥ ሄጄ፣ አባቴ ብዬ ለምኜ፣ ውሃ እንኳ አልሰጠኝም እያልኩ ብቻዬን ጮኽኩ። ከተማው ሲታየኝ ቁጣዬ አለቀ፤ ስኳሩ እጄ ላይ ከበደኝ። እሱ ዘንድ የሄድኩት የሚቀለው እሱ ስለሆነ ነው። ሽማግሌው ይህንንም አይቷል።

ሰኞ ጠዋት የሥራ አስኪያጁን በር አንኳኳሁ። ሌሊቱን ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከሞራው ጀምሮ በውሉ የሚያልቅ፣ ሽማግሌው ይመለሱ የሚል። ወረቀት እየፈረመ ነበር። ቀና ሳይል «እሺ» አለኝ።

«ማሽኑ ተሠራ» አልኩት።

«ምን ሆኖ ኖሯል?»

«ቆሽሾ ነው።»

«ጎበዝ» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ።